ጉግል ዶክስ ለክለሳ ትምህርት፦ የሚያስተምረው ክፍሉና የሚያሰንፈው ክፍሉ

“ከልሳችሁ አምጡ” ሲባሉ አብዛኞቹ ተማሪዎች አንድ ሁለት ቃል ለውጠው፣ የፊደል ግድፈት አርመውና ጽሑፉን አሳምረው ገልብጠው ይመለሳሉ። መምህሩ “ታዲያ ምኑ ተከለሰ?” ቢል ተማሪው ከልቡ ግራ ይጋባል፤ ለእርሱ ክለሳ ማለት ይኸው ነውና። ጉዳዩ የስንፍና ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ናንሲ ሶመርስ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 20 ጀማሪ የኮሌጅ ተማሪዎችን ከ20 ልምድ ካላቸው ጸሐፊዎች ጋር አነጻጽራለች። ሁሉም ሦስት ሦስት ጽሑፍ ጽፈው እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ከለሱ። ተማሪዎቹ ክለሳን ቃል በቃል የመተካት ሥራ አድርገው ሲያዩት፣ ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ግን የሐሳባቸውን ቅርጽ የሚፈልጉበት ጊዜ አድርገው ያዩት ነበር። ተማሪው ይህን ልዩነት በቃል ቢነገረው ብዙም አይገባውም። በራሱ ጽሑፍ ላይ ማየት አለበት።

ችግሩ በኮምፒውተር ሲጻፍ ይብሳል። ተማሪው አንድን አንቀጽ አጥፍቶ ሌላ ሲጽፍ የቀድሞው ከዓይኑ ይሰወራል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ንጹሕ ገጽ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ምን ያህል ደካማ እንደነበር የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ፣ በክለሳ ያገኘውን ትርፍ የሚለካበት መነሻ ያጣል። ስለዚህ ክለሳን ለማስተማር ይረዳል የሚባል መሣሪያ መመዘን ያለበት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተማሪው ምን እንደለወጠና ለውጡ ምን እንዳመጣ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ያደርገዋል ወይ? በኢንተርኔት ላይ የሚጻፍበት የጉግል ፕሮግራም፣ ጉግል ዶክስ፣ እዚህ የሚታየው በዚህ ሚዛን ብቻ ነው። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ብዙ መምህራን እምብዛም የማይነኩት አንድ ክፍሉ ለክለሳ ትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አዘውትረው የሚጠቀሙበት ሌላው ክፍሉ ደግሞ ሳይታሰብበት ከተያዘ ተማሪውን ያሰንፋል።

የለውጥ መዝገቡ

ጠቃሚው ክፍል «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚባለው የለውጥ መዝገብ ነው። ጉግል ዶክስ የተጻፈውን በየቅጽበቱ ስለሚያስቀምጥ፣ ሰነዱ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ያለፈባቸውን ደረጃዎች መልሶ ማየት ይቻላል። የሚከፈተው «ፋይል» ከሚለው ሜኑ ውስጥ ነው፤ ወይም ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ሺፍትና ኤች የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን። በቀኝ በኩል በቀንና በሰዓት የተደረደረ ዝርዝር ይመጣል። አንዱን ሲጫኑት በዚያን ጊዜ የነበረው ጽሑፍ ይታያል፤ የተጨመረው በቀለም፣ የጠፋው ተሰርዞ ይቀመጣል።

ዝርዝሩ እንዳለ ከተተወ ግን ለተማሪ አይጠቅምም። ፕሮግራሙ ደረጃዎቹን የሚከፋፍለው በራሱ ስሌት ስለሆነ፣ ተማሪው በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዓቶችን አይቶ የትኛው “የመጀመሪያ ረቂቅ” እንደነበር መለየት ያቅተዋል። መፍትሔው ስም መስጠት ነው። በዚያው «ፋይል» ሜኑ ውስጥ፣ በለውጥ መዝገቡ ሥር፣ ለአሁኑ ይዞታ ስም የሚሰጥበት ትእዛዝ አለ። ተማሪው ረቂቁን እንደጨረሰ፣ አንድም አስተያየት ሳይቀበል፣ “ረቂቅ 1” ብሎ ይሰይመዋል። አስተያየት ተቀብሎ ከሠራ በኋላ “ረቂቅ 2”፣ የመጨረሻውን ሲያስረክብ “ረቂቅ 3”። አንድ ሰነድ እስከ 40 የተሰየሙ ደረጃዎች ይይዛል፤ ለአንድ ድርሰት ግን ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ስያሜው ትርጉም ያጣና ተማሪው በየአንቀጹ መሰየም ይጀምራል። መዝገቡን የሚያይ ሰው የተሰየሙት ብቻ እንዲታዩት የሚያደርግበት ምርጫ በዝርዝሩ ላይ አለ፤ እርሱ ሲመረጥ ትርምሱ ጠፍቶ ሦስቱ ረቂቆች ብቻ ይቀራሉ።

ስያሜው ላይ ያለው ጥቅም ከአሠራር ያለፈ ነው። ተማሪው “ይህ ረቂቅ 1 ነው” ብሎ ሲጽፍ ሌላ ረቂቅ እንደሚከተል አብሮ ያምናል። ገና በሚያድግ ነገር ላይ መሥራቱን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን ለማሳመር ሲል በየዐረፍተ ነገሩ አይቆምም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር እዚህ ጋ አለ። መዝገቡ የሚያሳየው ለውጥ ከዚያ በፊት ከነበረው የቅርብ ደረጃ አንጻር ነው እንጂ ከመጀመሪያው ረቂቅ አንጻር አይደለም። “ረቂቅ 1”ን ከ“ረቂቅ 3” ጋር በአንድ ገጽ ላይ ማነጻጸር ከተፈለገ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። በመዝገቡ ውስጥ “ረቂቅ 1” አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ የዚያን ደረጃ ኮፒ ማውጣት፣ ቀጥሎ ያወጡትን ኮፒ ከፍቶ «ቱልስ» ከሚለው ሜኑ ውስጥ ሰነዶችን የሚያነጻጽረውን ትእዛዝ መርጦ የመጨረሻውን ሰነድ መስጠት። ፕሮግራሙ ሦስተኛ ሰነድ ይፈጥራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ በዚያ ላይ በጥቆማ መልክ ተመልክቶ ይመጣል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ተማሪውን ደግሞ ከምንም በላይ የሚያነቃው ይኸ ነው። ገጹ በሙሉ በቀለም ተሞልቶ ሲያይ ምን ያህል መንገድ እንደተጓዘ ይገባዋል። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ቀለም ካየ ደግሞ ማንም ሳይወቅሰው ክለሳው ገና እንዳልተጀመረ ይረዳል።

ቀለሙ ግን ያታልላል። መዝገቡ የአንድ ፊደል እርማትንና የአንድ ሐሳብ ለውጥን በአንድ ዓይነት ቀለም ያሳያል። ከዚህም የከፋው የተዛወረ አንቀጽ ነገር ነው፤ ከሦስተኛ ቦታ ወደ አንደኛ የመጣ አንቀጽ በአንዱ ቦታ “የጠፋ”፣ በሌላው “የተጨመረ” ሆኖ ይታያል። ተማሪው የሠራው ትልቁ ክለሳ፣ ማለትም ሐሳብን ከቦታ ቦታ ማዛወር፣ በመሣሪያው ላይ ስም የለውም። ይህን መምህሩ አስቀድሞ ካልተናገረ ተማሪዎች አንቀጽ ማዛወርን እንደ ክለሳ አይቆጥሩትም።

ስለዚህ ከመዝገቡ ጎን አንድ ልምምድ መኖር አለበት። ሌስተር ፌግሊና ስቲቨን ዊቲ በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ክፍፍል ለዚህ ይመቻል፤ የጽሑፍ ለውጦችን ትርጉም በማይነኩ የላይ ለውጦችና ትርጉምን በሚለውጡ ለውጦች ይከፍሏቸዋል። ተማሪው የንጽጽር ሰነዱን ከፍቶ ዐሥር ለውጦችን ይመርጥና በእያንዳንዱ አጠገብ “የላይ” ወይም “የፍሬ ነገር” ብሎ በኮሜንት ይጽፋል። መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ በቀድሞው ውስጥ የነበረ፣ አዲሱን ብቻ ያነበበ ሰው የማያገኘው ነገር አለ? ወይስ አዲሱን ያነበበ ሰው ቀድሞ ያልነበረ ነገር አገኘ? ሁለቱም መልስ “የለም” ከሆነ ለውጡ የላይ ነው። የላይ ለውጥ ነውር የለበትም፤ ዐሥሩም የላይ ከሆኑ ግን ጽሑፉ ታረመ እንጂ አልተከለሰም።

ልዩነቱን በምሳሌ ማሳየት ይረዳል። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ “እንቅልፍ ለተማሪ በጣም ጠቃሚ ነው። ብዙ ተማሪዎች በቂ እንቅልፍ አይተኙም። ስለዚህ መተኛት አለባቸው። እንቅልፍ ብዙ ጥቅም አለው።” ይህን ከልስ ሲባል “በጣም ጠቃሚ” የሚለውን “እጅግ አስፈላጊ”፣ “ብዙ ጥቅም” የሚለውን “በርካታ ጠቀሜታዎች” ቢያደርገው በመዝገቡ ላይ አራት ባለ ቀለም ቃላት ይታያሉ፤ አንባቢው ግን ምንም አላተረፈም። ደግሞ እንዲህ ቢለው፦ “ለፈተና ሲያነብ ያደረ ተማሪ ያነበበውን ጠዋት ማስታወስ ይቸግረዋል፤ ቀን የተማርነው ይበልጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና። በፈተናው ዋዜማ አንድ ምዕራፍ ከመጨመር መተኛት ይበልጣል።” የመጀመሪያው አራት ዐረፍተ ነገር ሲሆን ሁለተኛው ሁለት ብቻ ነው፤ ምክንያት ግን ገብቶበታል፣ ድግግሞሹ ወጥቷል፣ ኃይለ ቃሉም ከ“እንቅልፍ ጠቃሚ ነው” ወደ ቁርጥ ያለ አቋም ተሸጋግሯል። ሁለቱን ክለሳዎች ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ የቃል ቅየራን ክለሳ ብሎ ለማቅረብ ያፍራል።

መዝገቡ የሚከሽፍባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ተማሪው ጽሑፉን በስልኩ ማስታወሻ ወይም በሌላ ፕሮግራም ጽፎ ሲያበቃ ከለጠፈው መዝገቡ ላይ የሚታየው አንድ ግዙፍ ጭማሪ ብቻ ነው፤ የሐሳቡ ጉዞ የለም። ሰነዱን ኮፒ አድርጎ በኮፒው ላይ ከቀጠለ አዲሱ ሰነድ የቀድሞውን ታሪክ ይዞ አይሄድም፤ መዝገቡ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ብዙ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ “ረቂቅ 2 የሚል አዲስ ፋይል ልክፈት” የሚል ተማሪ ሳያውቀው ማስረጃውን ሁሉ ያጣል። አንድ ድርሰት፣ አንድ ፋይል የሚለው ሕግ ከመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት። ሰነዱን የማየት ወይም አስተያየት የመስጠት ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው መዝገቡን መክፈት አይችልም፤ የማረም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጓደኛ የጓደኛውን ለውጥ እንዲያይ ከተፈለገ የንጽጽር ሰነዱን ማጋራት ይሻላል፤ ለእኩያ የማረም ፈቃድ መስጠት የሰውን ጽሑፍ በእጅ መንካትን ይጋብዛል። ያልተሰየሙ ደረጃዎች ደግሞ ማከማቻ ለመቆጠብ ሲባል አንዳንዴ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፤ ስያሜን የሚያስገድደው ይህም ነው። ያለ ኢንተርኔት መጻፍ ቢቻልም መዝገቡን ለማየት ግንኙነት ያስፈልጋል፤ የማነጻጸር ሥራውም በስልክ ስክሪን ላይ ስለሚጠብ በኮምፒውተር ቢደረግ ይመረጣል።

የጥቆማ ሁነታው

አሁን ወደሚያሰንፈው ክፍል። «ሰጀስቲንግ» የሚባለው የጥቆማ ሁነታ ሲበራ መምህሩ የሚጽፈው ሁሉ በጽሑፉ ላይ በቀጥታ አይገባም፤ እንደ ሐሳብ ተቀምጦ የባለቤቱን ውሳኔ ይጠብቃል። ባለቤቱ የራይት ምልክቷን ከተጫነ ይጸድቃል፣ የኤክስ ምልክቷን ከተጫነ ይሰረዛል። አብረው ለሚሠሩ ባልደረቦች ግሩም ነገር ነው። ለተማሪ ግን የሚያስተምረው ራይት መጫንን ነው። መምህሩ አንድ ሰዓት ወስዶ 30 ቦታ ያረመውን ተማሪው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያጸድቀዋል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያጸድቅ ቁልፍም አለ። ጽሑፉ ተሻሻለ፤ ተማሪው ግን ባለበት ቀረ። ከዚህም በላይ፣ ሳይቃወም የተቀበለው እርማት ጽሑፉ የእርሱ እንዳልሆነ ስለሚያሳየው በሚቀጥለው ጊዜ መምህሩ እንዲያርምለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

መምህሩ ይህን ሁነታ በተማሪ ጽሑፍ ላይ እንዲጠቀም የምመክረው በአንድ አንቀጽ ላይ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደገም ጉድለት ያለበትን አንድ አንቀጽ ይመርጣል፤ በዚያ ላይ በጥቆማ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ጥቆማ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጽፋል፤ የቀሩትን አንቀጾች ተማሪው በዚያው መንገድ እንዲሠራቸው ይተዋል። ሌላው ጥሩ አጠቃቀም ተማሪው ራሱ በገዛ ሰነዱ ላይ ሁነታውን አብርቶ መከለሱ ነው። የሰረዘው ከዓይኑ ስለማይጠፋ ለመሰረዝ ይደፍራል። ደካማ ጸሐፊዎች የጻፉትን ለመቁረጥ የሚሳሱት በድካም የተገኘ ስለሆነ ነው፤ ቃላቱ ተሰርዘውም እንደሚታዩ ሲያውቁ እጃቸው ይፈታል። አንድን ገጽ ሐሳቡ ሳይጎድል በሩብ ማሳጠር የሚል ልምምድ በዚህ ሁነታ ሲሠራ ከሁሉም የተሻለ ይሄዳል። ሲያበቃም ውጤቱን ሳያጸድቁ፣ ቢጸድቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን ቅድመ እይታ መክፈትና ከመጀመሪያው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ኮሜንት፦ ስንት፣ ምን ዓይነት፣ ማን ይዘጋዋል

ከጥቆማ ይልቅ ኮሜንት የተማሪውን አእምሮ ያሠራል፤ ነገር ግን ብዛቱ ያጠፋዋል። በአንድ ረቂቅ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ኮሜንት ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ተማሪው ቀላሉን መርጦ ይሠራል፤ ቀላሉ ደግሞ ሁልጊዜ የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ እርማት ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስለ ሐሳብና ስለ ቅደም ተከተል ብቻ መጻፍ፣ ስለ ፊደል ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝም ማለቱ ለመምህር ይከብዳል፤ ዓይን ስሕተት ባየ ቁጥር እጅ ይነሣል። ይሁንና በኋላ ሊቆረጥ በሚችል ዐረፍተ ነገር ላይ ያለን ግድፈት ማረም ዐረፍተ ነገሩ የግድ ይቆይ ብሎ እንደመፍረድ ነው። የታረመን ነገር ተማሪ አይቆርጥም።

የኮሜንቱ አነጋገር ውጤቱን ይወስናል። “ግልጽ አይደለም” የሚለው ተማሪውን የትም አያደርሰውም፤ ብዙ ጊዜ በቃል ቅየራ ይመለሳል። “በአንቀጽ 2 ዋጋው ጨምሯል ብለሃል፤ በአንቀጽ 4 ደግሞ ሰው መግዛት አልቀነሰም ብለሃል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይቆማሉ?” የሚለው ግን ተማሪውን ወደ ሐሳቡ ይመልሰዋል፤ በአንድ ቃል ሊመለስ ስለማይችልም አዲስ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ያስገድደዋል። “ጥሩ ነው” ከማለትም “ይህን ምሳሌ ሳነብ የመጀመሪያው አንቀጽ ገባኝ፤ ለምን ወደዚያ አታቀርበውም?” ማለት ሙገሳውን ወደ ሥራ ይለውጠዋል።

መሣሪያው እዚህም አንድ ክፍተት አለው። እያንዳንዱ ኮሜንት እንደተፈታ የሚመለከትበት የራይት ምልክት አለው፤ ሲጫኑት ኮሜንቱ ከገጹ ላይ ይነሣል። ተማሪዎች ምንም ሳይሠሩ ራይቱን ብቻ ይጫናሉ፤ በተንኮል ሳይሆን ገጹ ሲጸዳ ሥራው ያለቀ ስለሚመስላቸው። የተነሡት ኮሜንቶች አይጠፉም፤ ከላይ በቀኝ በኩል ባለው የኮሜንት ምልክት ውስጥ ይገኛሉ፤ እየገቡ መፈለግ ግን ጊዜ ይፈጃል። ያለው መፍትሔ ስምምነት ብቻ ነው፦ ተማሪው በኮሜንቱ ሥር “ይህን አደረግሁ” ወይም “ይህን አልተቀበልሁም፣ ምክንያቱም…” ብሎ ይመልሳል፤ የሚዘጋው መምህሩ ነው። አልቀበልም የማለት መብት በግልጽ መሰጠት አለበት። አንድን አስተያየት በምክንያት ያልተቀበለ ተማሪ ስለ ጽሑፉ አስቦበታል፤ እንዲያውም ከታዘዘው የበለጠ።

ቀዩ መስመርና የአንቀጽ ቅደም ተከተል

በቃላት ሥር የሚመጣው ቀይ መስመር የክለሳ ጠላት ነው፤ ይህን ስል አላጋነንሁም። ተማሪው ሐሳቡን ገና እያደራጀ ሳለ ዓይኑን ወደ ፊደል ይጎትተዋል፤ ቀዩ ሁሉ ሲጠፋም “ተከለሰ” ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። «ቱልስ» ውስጥ ባለው የፊደልና የሰዋስው ክፍል ገብቶ የጥቆማዎቹን ምልክት ማንሣት ይቻላል። እስከ “ረቂቅ 2” ድረስ ጠፍቶ ቆይቶ ለመጨረሻው ዙር ብቻ ይብራ። የክለሳው ቅደም ተከተልም ይህንኑ ይከተላል፦ መጀመሪያ ሐሳቡ ሙሉ ነው ወይ፣ ቀጥሎ አንቀጾቹ በቦታቸው ናቸው ወይ፣ ከዚያ ዐረፍተ ነገሩ፣ በመጨረሻ ፊደሉ። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ እንደሆነ በጥንቃቄ የታረመው ዐረፍተ ነገር ኋላ ላይ ይቆረጥና ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ለአንቀጽ ቅደም ተከተል ጉግል ዶክስ ግማሽ እርዳታ ይሰጣል። ተማሪው ጽሑፉን ከጨረሰ በኋላ በእያንዳንዱ አንቀጽ አናት ላይ አንቀጹ የሚለውን በአንድ አጭር መስመር ይጽፍና የርእስ ስታይል ይሰጠዋል። መስመሮቹ በግራ በኩል ባለው መዋቅር ማሳያ ላይ ይደረደራሉ። ያን ዝርዝር ብቻ ማንበብ ብዙ ያጋልጣል፦ ሁለት አንቀጾች አንድ ነገር ይላሉ፤ አንዱ አንቀጽ ሁለት ነገር ይዞ በአንድ መስመር ሊጠቃለል አልቻለም፤ መደምደሚያው መግቢያ ላይ ተቀምጧል። ማየት እስከዚህ ይቻላል፤ ርእሱን በመዋቅር ማሳያው ላይ ይዞ በመጎተት አንቀጹን ማዛወር ግን አይቻልም። ማይክሮሶፍት ዎርድ ይህን በግራ መስኮቱ ላይ ስለሚፈቅድ በዚህ ነጥብ ይበልጣል። በዶክስ ቆርጦ መለጠፍ ይቻላል፤ ኮንትሮል ኤክስ፣ ኮንትሮል ቪ። ሲያበቃ የተጨመሩት መስመሮች ይነሣሉ።

በወረቀት ማተምን የሚተካ ነገር ዶክስ የለውም፤ አልቀበለውም የሚል መምህር ካለ አንድ ጊዜ ይሞክረው። ስክሪን ከአንድ ገጽ ያነሰ ስለሚያሳይ ተማሪው ሙሉ ጽሑፉን በአንድ እይታ አያገኝም። “ረቂቅ 1”ን በእጥፍ የመስመር ርቀት አትሞ፣ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ አንቀጾቹን በመቀስ ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ እያቀያየረ ያየ ተማሪ ወደ ሰነዱ ሲመለስ ምን እንደሚያዛውር ያውቃል። ሁለቱ ሥራ ይረዳዳሉ።

በክላስሩም ሲሠራና ነጥብ ሲሰጥ

ጉግል ክላስሩምን (መምህሩ ሥራ የሚሰጥበትንና የሚረከብበትን የጉግል መድረክ) ለሚጠቀም ክፍል ሁለት ነገር ይበቃል። ሥራው ሲሰጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮፒ የሚያደርገው አማራጭ መመረጥ አለበት፤ ሁሉም የሚያርሙት አንድ ፋይል ከተሰጠ መዝገቡ የሁሉም ድብልቅ ይሆናል። ተማሪው “አስረክብ” ሲል ደግሞ ሰነዱን የማረም መብቱ መምህሩ እስኪመልስለት ወይም ተማሪው ራሱ ማስረከቡን እስኪሰርዝ ይቆማል። ስለዚህ ለ“ረቂቅ 1” አስረክቡ ማለት አይገባም፤ እስከዚያ ድረስ ክለሳው ይቋረጣልና። ሰይሙት ብቻ ይባሉ፤ መምህሩ ሳይረከብ ገብቶ ማየት ይችላል።

ነጥቡ ጋ ስንደርስ መሣሪያው የማይፈታው ጉዳይ ይመጣል። ተማሪ የሚያከብረው ነጥብ የተሰጠውን ነገር ነው፤ የመጨረሻው ቅጂ ብቻ የሚመዘን ከሆነ ስለ ክለሳ የሚነገረው ሁሉ ምክር ሆኖ ይቀራል። ከ100 ውስጥ ቢያንስ 25 ለክለሳው ቢሰጥ ተገቢ ነው። የለውጥ ብዛት ግን በፍጹም አይቆጠር። ከተቆጠረ ተማሪዎች ሆን ብለው የተበላሸ “ረቂቅ 1” ጽፈው በኋላ ያስተካክሉታል። ነጥቡ ለማብራሪያው ይሰጥ፦ በሰነዱ መጨረሻ ላይ ከ150 ቃል ያልበለጠ ማስታወሻ፣ በውስጡም የሠራቸው ሁለት የፍሬ ነገር ለውጦች፣ ለምን እንደሠራቸው፣ አንባቢው ምን እንዳተረፈ፣ እንዲሁም አስቦበት ሳይለውጥ የተወው አንድ ነገር። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ መልሱን አስመስሎ መጻፍ ከባድ ስለሆነ በእርግጥ ያሰበውን ካላሰበው ይለያል።

የለውጥ መዝገቡን ለሌላ ዓላማ የሚጠቀሙም አሉ፤ ተማሪው ራሱ ጽፎታል ወይስ ከሌላ ለጥፎታል የሚለውን ለመመርመር። ድራፍትባክ የሚባለው የአሳሽ ተጨማሪ ሰነዱ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ሲጻፍ እንደ ፊልም ያሳያል። ለማስተማርም ይሆናል፤ ተማሪው የገዛ ጽሑፉን ልደት ሲያይ የት እንደተንገዳገደ ይገነዘባል። ለክስ ሲውል ግን ክለሳን ይገድላል። የሚሰለልበት መሆኑን የተረዳ ተማሪ በሰነዱ ላይ መሞከር፣ መሳሳት፣ ግማሽ ገጽ ጽፎ መጣል ያቆማል፤ ለሚያየው ዓይን ንጹሕ ጉዞ ያዘጋጃል። በአንድ ጊዜ የተለጠፈ ረጅም ጽሑፍም በራሱ የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም፤ ኢንተርኔት በሌለበት በሌላ ፕሮግራም ጽፎ የመጣ ተማሪም መዝገቡ ያው ነው የሚመስለው። መምህሩ መዝገቡን የሚያየው የትኞቹን ክፍሎችና ለምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ተናግሮ፣ ከዚያ ባያልፍ ይሻላል።

ከ50 በላይ ተማሪዎች ላሉት ክፍል ይህ ሁሉ የሚቻል አይመስልም። የሚቻለው የሚነበበውን በመቀነስ ነው። መምህሩ “ረቂቅ 1”ን በሙሉ አያነብም፤ ኃይለ ቃሉንና የአንቀጾቹን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሮች ብቻ አይቶ ሦስት ኮሜንት ይጽፋል። የንጽጽር ሰነዱን የሚያዘጋጀው ተማሪው ነው፤ ከመጨረሻው ረቂቅ ጋር ሊንኩን አያይዞ ይሰጣል። መምህሩ በቅድሚያ ማስታወሻውን ያነብና ተማሪው የጠቀሳቸውን ሁለት ለውጦች በንጽጽሩ ላይ ይፈልጋል፤ ካገኛቸውና ማስታወሻው የሚለውን ከሠሩ ለክለሳው ነጥብ ይህ ይበቃዋል፤ ካላገኛቸው ግን ሰነዱን ከነማስታወሻው ይመልስለታል።